የክህነት ጥሪን መለየት፤ ከከፋ ምድር ታሪክና ሕይወት አንጻር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብለው በሚገኙ የገጠር አጥቢያዎች ለትምህርተ ወንጌል ስንመላለስ፥ ጉባኤው ካበቃ በኋላ ደጋግሞ የሚገጥመን አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ከረቂቅ ነገረ ሃይማኖት የተነሣ አይደለም። አንድ አረጋዊ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁን፦ «ልጆቼ፥ መጥታችሁ አስተማራችሁን፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን ሌሊት ሰው ቢሞትብን የሚፈታልን ማን ነው? የተወለደውን ሕፃን በዐርባ ቀኑ የሚያጠምቅልን ማን ነው? ከእናንተ መካከል ከእኛ ጋር የሚቀር የለምን?»

በዚያ ዕለት ከመካከላችን ዲያቆናት ነበርን፤ መልስ ግን አልነበረንም። አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። በመንገድም ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው ወንድማችን ዲያቆን፥ «የእኚህ አባት ጥያቄ ለእኔ የመጣ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው? ወይስ ስላዘንሁ ብቻ እንዲህ መሰለኝ?» አለን። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ወንድማችንና እርሱን ለመሰሉ ወጣቶች፥ እንዲሁም ልጆቻቸውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለሚያሳድጉ ወላጆች ነው።

የክህነት ጥሪ ምንድን ነው?

«ተክህነ» የሚለው የግእዝ ግስ ካህን ሆነ፥ በክህነት አገለገለ ማለት ነው። ክህነት ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲሆን፥ በኤጲስ ቆጶስ አንብሮተ እድ የሚሰጥና የማይደገም ጸጋ ነው። ሦስት ዐበይት መዓርጋት አሉት፤ እነርሱም ዲቁና፥ ቅስናና ኤጲስ ቆጶስነት ናቸው። ዲያቆን ይራዳል፤ ቄስ ይቀድሳል፥ ያጠምቃል፥ ያናዝዛል፤ ኤጲስ ቆጶስ ደግሞ እነዚህን ሁሉ እየፈጸመ ካህናትን ይሾማል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክቱ፥ እንደ አሮን በእግዚአብሔር የተጠራ ካልሆነ በቀር ይህን ክብር ለራሱ የሚወስድ እንደሌለ አስተምሯል (ዕብ. 5፥4)። ስለዚህ ክህነት ሰው ለራሱ የሚመርጠው ሙያ ሳይሆን የሚቀበለው አደራ ነው። ቆሬ፥ ዳታንና አቤሮን ያልተሰጣቸውን ፈልገው ተነሥተው የደረሰባቸው ቅጣት (ዘኍ. 16)፥ ንጉሡ ዖዝያንም የዕጣን አገልግሎትን ደፍሮ በለምጽ መመታቱ (2ኛ ዜና 26፥16-21) ለዚህ ማስጠንቀቂያ ሆነው ተጽፈዋል።

ይሁን እንጂ የተጠራ ሰው ሁሉ መጠራቱን ወዲያው አያውቅም። ብላቴናው ሳሙኤል እግዚአብሔር በስሙ ሲጠራው ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ዔሊ ሮጧል፤ የጠራው ዔሊ መስሎት ነበርና። ዓይኖቹ የፈዘዙት አረጋዊ ካህን ግን የማን ድምፅ እንደ ሆነ አስተዋለና ብላቴናው ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት አስተማረው (1ኛ ሳሙ. 3፥1-10)። ድምፁን የሰማው ሳሙኤል ነው፤ የለየለት ግን ዔሊ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፦ ጥሪ በአንድ ሰው ልብ ይሰማል፥ በቤተ ክርስቲያን ይመረመራል።

ካህን ያጣ ሕዝብ፤ የከፋ ታሪክ

የክህነትን ዋጋ ካህን አጥቶ ከኖረ ሕዝብ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የከፋ ምድር ለዚህ ምስክር ናት። ከጎጀብ ወንዝ በስተ ደቡብ የነበረው የከፋ መንግሥት «ታቶ» በሚባሉ ነገሥታቱ ይተዳደር ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ እስከ ተያዙበት እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ። ክርስትና ወደዚህ ምድር የደረሰው ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ እንደ ሆነ ይተረካል። የሚነገርለት ዘመን 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይህም አፄ ሠርፀ ድንግል (1563-1597 እ.ኤ.አ.) የነገሡበትና በጎረቤት በእናርያ ክርስትና የተጠናከረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በመካከል በተከሠቱት የታሪክ ለውጦች ምክንያት በከፋ የነበሩት ክርስቲያኖች ከጎንደር ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋረጠ።

በዚያ ዘመን መላዋ ኢትዮጵያ ከእስክንድርያ መንበር የሚላክላት አንድ ጳጳስ ብቻ ነበራት። እርሱ ሲያርፍ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ክህነት የፈለገ ሁሉ ጳጳሱ ወዳለበት መጓዝ ነበረበት፤ ለከፋ ሰው ይህ ጫካን፥ ወንዝንና የጦርነት ምድርን ማቋረጥ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሹመት ቀረ፤ ሹመት ሲቀር ቅዳሴና ቁርባን ቀሩ።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮጳውያን ጸሐፍት ስለዚህ ጊዜ የመዘገቡት አንድ ትረካ አለ። የከፋ ሰዎች ወደ ጳጳሱ መድረስ ስላልቻሉ፥ ጳጳሱ እስትንፋሱን በቁርበት ከረጢት ውስጥ እፍ ብሎ እንዳሰረላቸው፥ ያም ከረጢት እስከ ከፋ ተጉዞ በሚሾሙት ሰዎች ላይ እንደ ተከፈተ ይተርካሉ። ትረካውን የምናነሣው ለሥርዓት አብነት እንዲሆን አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ክህነት የሚሰጠው በአንብሮተ እድ ነው፤ ጌታ ሐዋርያቱን እፍ ያለባቸውም በመካከላቸው ቆሞ ነው (ዮሐ. 20፥22)። ነገር ግን ትረካው አንድ እውነት ያሳያል። ካህን ከማጣት ይልቅ እስትንፋስን በከረጢት እስከ መናፈቅ የደረሰ ሕዝብ እንደ ነበረ ይነግረናል። በመግቢያችን የጠቀስናቸው አረጋዊ ጥያቄ የዚያ ናፍቆት ቅጥያ ነው።

በካቶሊካዊው የካፑቺን ማኅበር የነበሩትና በሀገራችን «አባ ማስያስ» ተብለው የሚታወቁት ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በከፋ ተቀምጠው ነበር። በዚያም ራሳቸውን ክርስቲያን ብለው የሚጠሩ፥ ጾምንና በዓላትን የሚጠብቁ፥ ነገር ግን ምሥጢራትን የሚፈጽምላቸው ያጡ ሰዎችን አገኙ። በእምነት ያለን ልዩነት እንዳለ ሆኖ፥ ይህ የታሪክ ምስክርነት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ጾሙ ካለ ካህን ለብዙ ትውልድ ተጠብቋል፤ ቁርባኑ ግን ካለ ካህን ሊጠበቅ አልቻለም። ሌላ እረኛ ወደዚያ መንጋ የደረሰው እኛ ስላልደረስን መሆኑንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባል።

ከ1897 እ.ኤ.አ. በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ታንጸዋል፤ ከሰሜንና ከመካከለኛው የሀገራችን ክፍልም ካህናት መጥተው ብዙ ደክመዋል። ይሁንና የከፋ ገበሬ በገዛ ቋንቋው በካፊ ኖኖ ኃጢአቱን የሚናዘዝበት ካህን ለማግኘት ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬም በአንዳንድ አጥቢያ እየጠበቀ ያለ አለ።

ሌላ ሰው ለመጠየቅ ሄዶ ራሱ የተላከው

ካህን የመናፈቅ ታሪክ በከፋ አልተጀመረም፤ የኢትዮጵያ ክህነት መነሻም እንደዚሁ ነው። ፍሬምናጦስ በልጅነቱ በባሕር ዳርቻ ከሞት ተርፎ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የመጣ ስደተኛ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ቅዱስ አትናቴዎስን የለመነው ለራሱ ሹመት አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ላሉት ምእመናን ጳጳስ እንዲላክላቸው ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስም ከአባቶች ጋር መክሮ ከእርሱ የተሻለ እንደሌለ በማየት ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። ሕዝቡም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አለው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የሕዝብ ችግር የእግዚአብሔር ጥሪ የሚሰማበት ሥፍራ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬምናጦስ የሕዝቡን ችግር ባያይ ኖሮ ወደ እስክንድርያ ባልሄደም ነበር። ሁለተኛ፥ ችግሩን ያየው እርሱ ቢሆንም «እኔ ነኝ» ያለው እርሱ አይደለም፤ ያለው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጳጳሳቱ ከግብፅ ሲመጡ ኖረው፥ በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ፥ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፥ አቡነ ሚካኤል ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በጎሬ፥ በፋሺስት ጣሊያን እጅ በሰማዕትነት ዐርፈዋል። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጳጳሳት የሚሾሙበት በር ተከፈተ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ዛሬ የከፋ ወጣት ክህነት ለመቀበል እንደ ጥንቱ እስከ ጎንደር አይጓዝም። የቀረው ጉዞ በራሱ ልብና በቤተ ክርስቲያን ምክር መካከል ያለው ነው።

ጥሪ የሚጸናባቸው ሦስት ምስክሮች

በኦሪት ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸና ነበር (ዘዳ. 19፥15)። የክህነት ጥሪም እንዲሁ ሦስት ምስክሮችን ይፈልጋል እንላለን።

አንደኛው ምስክር ኅሊና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ኤጲስ ቆጶስነትን የሚፈልግ መልካም ሥራን እንደሚመኝ ሲያስተምር (1ኛ ጢሞ. 3፥1)፥ ሥራ ብሎ መጥራቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጣቱ የሚመኘው ሥራውን ነው ወይስ ስሙን ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ማንም ሳያየው ኪዳን ለማድረስ ይነሣልን? በሽተኛ ለመጠየቅ በዝናብ መሄድ ይቀለዋልን? ምኞቱ ከአንድ ጉባኤ ስሜት አልፎ በዓመታት መካከል ጸንቶ ቆይቷልን? ከፍቅሩ ጋርስ ፍርሃት አለውን? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከክህነት ሸሽቶ ስለ ክህነት ታላቅነት መጽሐፍ ጽፏል፤ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ከተሾመ በኋላ ደንግጦ ወደ በረሓ ሸሽቶ ነበር፥ በኋላም ተመልሶ አገልግሏል። ፍቅር ያለ ፍርሃት ወደ ድፍረት ይወስዳል፤ ፍርሃትም ያለ ፍቅር ወደ ስንፍና ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ልብ ሲገኙ መልካም ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምስክር መምህርና የንስሓ አባት ናቸው። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ከንባብ ቤት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሲቈጡት እንዴት እንደሚቀበል፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ምግብ ሲካፈል እንዴት እንደሆነ አይቷል። የንስሓ አባቱ ደግሞ ሌላው የማያየውን ያውቃሉ። ስለዚህ ወጣቱ ከንስሓ አባቱ ምንም ሳይሸሽግ ይነጋገር፤ «ይህ የሚከለክልህ ነው» ቢሉትም እንደ ጠላት አይያቸው። ዔሊ የሌለው ሳሙኤል ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ያድራልና።

ሦስተኛው ምስክር ሕዝብና ኤጲስ ቆጶስ ናቸው። በሐዋርያት ዘመን ሰባቱን ዲያቆናት በመልካም የተመሰከረላቸው እንዲሆኑ አይቶ የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ እጃቸውን የጫኑት ሐዋርያት ናቸው (ሐዋ. 6፥1-6)። በሹመት ጊዜ ምእመናን «ይደልዎ» ማለታቸው ከዚያ የመጣ ምስክርነት እንጂ ልማዳዊ ጩኸት አይደለም። ጎረቤቱን የበደለ፥ ብድሩን የማይመልስ፥ በመጠጥ የሚታወቅ ሰው ሲቀርብ ዝም ብሎ «ይገባዋል» የሚል ሕዝብ በሐሰት ይመሰክራል። ኤጲስ ቆጶሱም በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን ታዝዟል (1ኛ ጢሞ. 5፥22)። የካህን እጥረት ባለበት ሀገረ ስብከት ይህን ትእዛዝ መጠበቅ ከባድ ነው፤ የሚያስፈልገውም በዚያው ነው። ያልተገባ ካህን የተሾመለት አጥቢያ ካህን ካጣ አጥቢያ በላይ ሊጎዳ ይችላልና።

ጥሪ የሚመስሉ ነገሮች

ጥሪ የሚመስሉ፥ ነገር ግን ብቻቸውን ጥሪ ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

1. የወላጅ ስእለት። ሐና ሳሙኤልን ገና ሳይፀነስ ሰጥታዋለች፤ ስእለቷም የተወደደ ነበር። ይሁንና እግዚአብሔር ሳሙኤልን በራሱ ስም ጠራው እንጂ በእናቱ ስእለት ብቻ አልተወውም። ወላጅ ልጁን ወደ ቤተ መቅደስ ያደርሳል፤ መልሱን የሚሰጠው ልጁ ነው።

2. ሥራ ማጣት። ትምህርቱ ያልሰመረለት ወይም መተዳደሪያ የቸገረው ሰው ክህነትን እንደ እንጀራ መንገድ ቢያይ ራሱንም ምእመናንንም ይጎዳል። ቅዱስ ጴጥሮስ እረኞች መንጋውን በነውረኛ ረብ ሳይሆን በበጎ ፈቃድ እንዲጠብቁ ማስጠንቀቁ ለዚህ ነው (1ኛ ጴጥ. 5፥2)። ክህነትን በገንዘብ መሻት ደግሞ የሲሞን መሠርይ ኃጢአት ነው (ሐዋ. 8፥18-24)።

3. ሕልምና ራእይ። እግዚአብሔር በሕልም ሊናገር ይችላል፤ ሕልምን ብቻ ይዞ ወደ ሹመት መሮጥ ግን ለአጋንንት ማታለል በር ይከፍታል። ሕልም ያየ ሰው ለንስሓ አባቱ ይንገርና በትምህርቱ ይጽና።

4. ክብርና ዝና። ድምፁ ያማረ፥ ንግግሩ የሚማርክ፥ ስብከቱ በስልክ የሚዘዋወር ወጣት ሁሉ ለክህነት ተጠርቷል ማለት አይደለም። መዘመርና ማስተማር ራሳቸውን የቻሉ ጸጋዎች ናቸው።

5. ርኅራኄ ብቻውን። የወንድማችን ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአረጋዊው አባት ቃል ማዘኑ መልካም ነው፤ ጌታም እረኛ እንደሌላቸው በጎች የተጣሉትን ሕዝብ አይቶ አዝኗል። ነገር ግን ካዘነ በኋላ ያዘዘው የመከሩን ጌታ ሠራተኞች እንዲልክ መለመንን ነው (ማቴ. 9፥36-38)። ርኅራኄ ለመጸለይ በቂ ምክንያት ነው፤ ለመሾም ግን የሌሎቹን ምስክሮች ቃል መጠበቅ አለበት።

ጋብቻ ወይስ ምንኩስና?

በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ከሁለት አንዱን ይወስናል፤ በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን ያገባል፥ ወይም ይመነኩሳል። ከቅስና በኋላ ጋብቻ የለም። ሚስቱ የሞተችበት ቄስም ሌላ ቢያገባ የክህነት አገልግሎቱ ይቀራል። ኤጲስ ቆጶሳት ደግሞ የሚመረጡት ከመነኮሳት ነው። ስለዚህ የክህነትን ጥሪ የሚመረምር ወጣት የኑሮውን ጥሪ አብሮ ይመርምር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የወደፊት ሚስት ፈቃድ ነው። የገጠር ካህን ሚስት ሌሊት በር ሲንኳኳ አብራ የምትነቃ፥ እንግዳ የምታስተናግድ፥ የሰማችውን የሰው ምሥጢር የምትጠብቅ ናት። በቦንጋ ከተማ መኖር የምትሻን እኅት «አይዞሽ፥ ትለምጂዋለሽ» ብሎ አግብቶ ወደ ዴቻ ወይም ወደ ጌሻ ገጠር መውሰድ ለትዳሩም ለአገልግሎቱም አይበጅም። ከእጮኝነት ጊዜ ጀምሮ በግልጥ መነጋገር ይገባል። እርሷ በሙሉ ልቧ ካልተቀበለችው፥ ያ ራሱ አንድ ምስክርነት ነው።

በካቶሊካውያን ዘንድ ያለው አካሄድ

በከፋ ካቶሊካውያን ጎረቤቶች ስላሉን፥ የጂማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካርዬትም በዚሁ አካባቢ ስለሚገኝ፥ ወጣቶቻችን የሁለቱን አካሄድ ልዩነት ይጠይቁናል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለክህነት ተጠርቻለሁ የሚል ወጣት ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት በጠቅላላው ቢያንስ ስድስት ዓመት ይማራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መንፈሳዊ መሪ ተመድቦለት ጥሪው ይመረመራል። በቀኖናቸው መሠረት 25 ዓመት ሳይሞላው ቅስና አይቀበልም። በላቲን ሥርዓት የሚያገለግሉት ካህናት ሳያገቡ ይኖራሉ፤ በምሥራቃውያን ሥርዓት ባሉት ግን ያገባ ሰው ሊሾም ይችላል።

በእኛ ዘንድ የሚለየው ብዙ ነው። ዲቁና በልጅነት ይሰጣል፤ ጥሪው የሚመረመረው በተለየ ተቋም ሳይሆን በአብነት ትምህርት ቤት፥ በአጥቢያና በንስሓ አባት ዘንድ ነው፤ ያገቡ ካህናት አገልግሎት ደግሞ ከሐዋርያት ዘመን የመጣ የተለመደ መንገድ ነው። ልዩነቱ የሚያመጣብን አንድ ኃላፊነት አለ። በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ ልጅ ወደ ቅስና የሚያልፈው ጊዜው ስለደረሰ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። በልጅነት የተሰጠው ዲቁና የቅስና ጥሪ እንደ ተመረመረ አያስቈጥርም። ከዲቁና እስከ ቅስና ያሉት ዓመታት የመመርመሪያ ዓመታት ሊሆኑ ይገባል።

በከፋ ለሚያገለግል ካህን የሚያስፈልጉት

ከመሠረታዊው የአብነት ትምህርት፥ ማለትም ከንባብ፥ ከዳዊት፥ ከውዳሴ ማርያምና ከግብረ ዲቁና ጀምሮ እስከ ሥርዓተ ቅዳሴ ያለውን ማወቅ ለካህን ሁሉ የግድ ነው። በከፋ ለሚያገለግል ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በማኅበር መካከል ከብዙ ሺህ የማይታወቁ ቃላት ይልቅ በአእምሮ የሚነገሩ አምስት ቃላትን መርጧል (1ኛ ቆሮ. 14፥19)። በካፊ ኖኖ አፉን የፈታ ወጣት ከአብነት ትምህርቱ ጋር ቋንቋውን ይዞ ሲገኝ ለሀገረ ስብከቱ ትልቅ ሀብት ነው። ከሌላ ሥፍራ የመጣም ቢሆን ቋንቋውን ለመማር የሚጥር ከሆነ ሕዝቡ ድካሙን ያይለታል። «ቋንቋውን ለምን እማራለሁ?» የሚል ግን መጠራቱን ደግሞ ይመርምር።

ሁለተኛው የመንገዱ ድካም ነው። የከፋ ምድር ደን የለበሰ፥ ዝናቡ የበዛ፥ ቤቶቹ ተራርቀው የተሠሩ ናቸው። ቀንዲል ለመቀባት ወይም ለፍትሐት የተጠራ ካህን በጭቃ ብዙ ሰዓት ይጓዛል።

ሦስተኛው መተዳደሪያ ነው። የገጠር ካህን ከመንጋው ጋር ያርሳል፤ ቡናውን ይለቅማል፥ ቀፎውን ይሰቅላል። በእጅ ሥራ መኖር ነውር አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቷል። ነገር ግን ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ ደንግጓልና (1ኛ ቆሮ. 9፥14)፥ «ካህን ስጡን» የሚል አጥቢያ ካህኑ የሚያድርበትን ቤትና የሚበላውን ማሰብ ግዴታው ነው። ሰበካ ጉባኤ ይህን ሳያዘጋጅ ወጣቱን «ለምን አልቀረህም?» ሊለው አይችልም።

ይህን ችግር አስቀድመው ያዩ አባቶች ነበሩን። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ካህናትን ያሠለጥኑ የነበረው የገጠሩ ምእመን የተማረ ካህን ማግኘት እንዳለበት ስላመኑ ነበር። እርሳቸው በ1982 ዓ.ም. ቢያርፉም የጀመሩት ሥራ የሚያስተምረን፥ ጥሪ ያለው ወጣት ሲገኝ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትምህርት እንጂ የሹመት ቀን አለመሆኑን ነው።

ምን እናድርግ?

ጥሪውን ለሚመረምር ወጣት፦ ጸሎትህንና ጾምህን ሳታቋርጥ ለንስሓ አባትህ ንገር፤ የሚሰጡህን ጊዜ ሳታሳጥር ጠብቅ። በዚያ ጊዜ ቅዳሴ ተማር፥ በአንድ የገጠር አጥቢያ በዲቁናህ አገልግል። ሕዝቡን ከሩቅ ሳይሆን በቅርብ ስታውቀው ምኞትህ ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደ ሆነ አስተውል። ስለ ጋብቻ ወይም ስለ ምንኩስና ሳትወስን ወደ ቅስና አትቸኩል።

ለወላጆች፦ ልጃችሁን አበረታቱ፥ አታስገድዱ። «ተምሮ ሲያበቃ ገጠር ገብቶ ይቅር?» በማለትም መንገዱን አትዝጉበት።

ለአጥቢያ ምእመናን፦ ካህን ከሌላ ሥፍራ እንዲመጣላችሁ ስትጠብቁ በቤታችሁ ያለውን ሕፃን አስታውሱ። ልጆቹን ወደ አብነት ትምህርት ቤት የማይልክ አጥቢያ ካህን የሚያገኘው ከሌላው አጥቢያ ወስዶ ነው።

ይህን ሁሉ መርምሮ «ለክህነት አልተጠራሁም» ወደሚል መልስ የደረሰ ወጣትም የወደቀ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ ልጆቹን በሃይማኖት የሚያሳድግ፥ አሥራቱን በታማኝነት የሚያወጣ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ድርሻ አለው። በጊዜው የተነገረ «አይደለሁም» በኋላ ከሚመጣ ጸጸት ያድናል።

ስለዚያ ወንድማችን ለምትጠይቁን፥ እስካሁን አልተሾመም። ወደ ንስሓ አባቱ ሄዶ ሁሉን ነገራቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ አልከለክልህም፤ አላስቸኩልህምም» ብለው ሥርዓተ ቅዳሴን እንዲያጠናቅቅና ካፊ ኖኖን ማናዘዝ እስከሚያስችል ድረስ እንዲማር ሁለት ዓመት ሰጡት። አሁን በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። በየወሩም ወደዚያው አጥቢያ እየሄደ በዲቁናው ያገለግላል። አረጋዊው አባት ሲያዩት «መቼ ነው?» ይሉታል። እርሱም «ጸልዩልኝ አባቴ» ይላቸዋል። እርሳቸውም እንደሚጸልዩ ነግረውናል። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ሳሙኤልን በስሙ የጠራ፥ አባ ሰላማን ለኢትዮጵያ የሰጠ አምላክ ለከፋ ምድርም በጎ እረኞችን ያስነሣልን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።